ስድስት ሲኒ ከነወረቀቱ

«ይቅርታ፣ ይህን ወረቀት ልቀበለው አልችልም» አለች ዳያን። በሁለት ጣቷ ገፋ አድርጋ በጠረጴዛው ላይ ወደ ራቢያ መለሰችው።

ራቢያ አላነሳችውም። ዛሬ አርብ ከሥራ በመቅረቷ ግሮቭፖርት ያለው መጋዘን አንድ ፖይንት ቆጥሮባታል። ስድስት የሞላበት ይባረራል፤ የእሷ አምስተኛው ነው። ጠዋት ዳያን ኮል አድርጋ ቶሎ ድረሺ ስትላት የምሥራች መስሏት፣ እናቷን ሳይቀር ከፎረስት ፓርክ አሳፍራ ነበር የመጣችው። እናቷ ኸይሪያ ለዚሁ ብላ አዲስ ሻሽ አስራለች። አሁን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ፣ የጨረታ ቤቱን ሴት አፍ አፏን ታያለች።

ስድስቱ ሲኒዎች በግራጫ ጨርቅ ላይ ተደርድረዋል። ጠርዛቸው በወርቅ ቀለም የተከበበ ነው፤ ሆዳቸው ላይ ትንንሽ ሰማያዊ አበቦች ተበትነዋል። በጣም ስስ ከመሆናቸው የተነሳ ወደ መስኮት ሲዞሩ የያዛቸው ሰው ጣት በውስጥ በኩል ጥላው ይታያል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሲመጡ ዳያን እንደ ልጅ ነበር የተደሰተችው። አንዱን ገልብጣ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ማህተሞች አሳየቻቸው። አረንጓዴው ነጩን ሲኒ የሠራው ፋብሪካ ነው፤ ቀዩ ደግሞ አበባውን በእጅ የሳለው ሌላ ቤት። ሁለቱም የሊሞዥ ከተማ፣ የፈረንሳይ። አራተኛው ሲኒ ላይ፣ ከአበቦቹ መሃል፣ አንዲት ዝንብ አለች። ዳያን በማጉያ መነጽር አይታት ሳቀች፦ ሲኒው እሳት ውስጥ ሳለ የወጣች ነቁጥ ናት፤ ሰዓሊው ዕቃው እንዳይጣልበት ክንፍና እግር ጨምሮ ዝንብ አደረጋት። ኸይሪያ ይህ ሲተረጎምላት ተቀየመች። በልጅነቷ ዝንቧ ያለችበትን ሲኒ ለማየት ከወንድሟ ጋር ተጣልታለች። ጉድለት ናት ያላት ሰው አልነበረም።

ዛሬ ዳያን አልሳቀችም። ካታሎጉ በዘጠኝ ሰዓት ይዘጋል አለች። ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚታወቅ ዕቃ የራሱን ገጽ ይዞ፣ ከነታሪኩ፣ በጥሩ ዋጋ ይነሳል። የማይታወቅ ከሆነ ከሌላ ሳህንና ማንኪያ ጋር በአንድ ሣጥን ይሸጣል። እነዚህ ሲኒዎች ወረቀት አላቸው፤ ችግሩም ወረቀቱ ነው።

«እዚህ ላይ ድሬዳዋ በ1899 ተሰጠ ይላል። አንብቤ ነበር፤ ያቺ ከተማ በ1899 አልነበረችም። ባቡሩ ደርሶ የተቆረቆረችው በ1902 ነው። ቀዩም ማህተም ያኔ ሥራ ላይ አልዋለም። አንቺን ውሸታም ማለቴ አይደለም። የሚገዙት ሰዎች ግን ይላሉ።»

«ምን አለች?» አለች ኸይሪያ ከኋላ።

ራቢያ ዓመቱ አልገጠመም ብላ አሳጥራ ነገረቻት። ኸይሪያ ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች።

ወረቀቱ በእርግጥ ሁለት ነው። አንዱ አሮጌው ነው፤ በላስቲክ ውስጥ የተቀመጠ፣ እጥፋቱ ሊበጠስ የደረሰ፣ በአማርኛ የተጻፈ። ሁለተኛው የእሱ እንግሊዝኛ ትርጉም፣ የተርጓሚው የጋሽ ሰይፈሥላሴ ክብ ማህተም ያረፈበት። የኸይሪያ አያት ጁነዲን፣ ምድር ባቡሩ ሲሠራ የአንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ቱርጁማን፣ አስተርጓሚ፣ ነበሩ። ፈረንሳዊው አገሩ ሊገባ ሲል ሲኒዎቹን ሊሰጣቸው ፈለገ። ጁነዲን አመስግነው፣ ዕቃውን ከመንካታቸው በፊት ወረቀት ጠየቁ። አገሬው የፈረንጅ ዕቃ ይዞ ሲገኝ ምን እንደሚከተል ሲተረጉሙ ኖረዋል። የጣቢያው ጸሐፊም ጻፈላቸው፦ እነዚህን ስድስት ሲኒዎች ለቱርጁማን ጁነዲን በፈቃዴ ሰጥቻለሁና ማንም ሌባ ብሎ እንዳይዛቸው። ድሬዳዋ፣ መጋቢት ፲፪ ቀን ፲፰፻፺፱ ዓ.ም.።

ኸይሪያ ሲኒዎቹ እንዲሸጡ የፈቀደችው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአያቷ ስም የጨረታው መጽሐፍ ላይ ይታተም። ስማቸው ካልገባ ዕቃው ወደ ቤት ይመለሳል፣ ነገሩም አበቃ። ለራቢያ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር። የጥርስ ክሊኒክ ረዳትነት ኮርስ ምዝገባ ሰኞ ይዘጋል። ጨረታ ቤቱ ገጽ ለያዘ ዕቃ ከግምቱ ግማሹን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ያ ግማሽ ከምዝገባው ክፍያ ጋር እኩል ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰባት ዓመት የሰው ዕቃ ስትጠቀልል ኖራለች፤ ወገቧ ስምንተኛውን እንደማይችል በየሌሊቱ ይነግራታል።

መኪናው ውስጥ ኸይሪያ ቀበቶ ሳታስር ተቀመጠች። መኪናው ይጮኻል። ራቢያ እሰሪው አለቻት፤ አላሰረችም።

«ሌባ እንዳይሏቸው ነበር ያ ወረቀት» አለች ኸይሪያ። «አሁን ውሸታም አሏቸው።»

«ማንም ውሸታም አላላቸውም፣ እማዬ። ዓመቱ ነው።»

«ዓመቱ ምን ሆነ? አባቴ እንደ ፋቲሃ ነው ያስጠናን። ፊንጃሎቹ የገቡት ዘጠና ዘጠኝ፣ መጋቢት ላይ። እኔ የተወለድኩት ሃምሳ ስምንት፣ ወንድሜ ስድሳ አንድ። ወላሂ አንዱንም ስቼ አላውቅም።»

ራቢያ ቁልፉን ልታዞር የነበረው እጇ ቆመ። ዘጠና ዘጠኝ። በማን ዘጠና ዘጠኝ? ስልኳን አውጥታ ስምንት ደመረችበት። 1907። በ1907 ድሬዳዋ ነበረች፣ ባቡሩ ነበረ፣ ቀዩ ማህተም ነበረ። ትርጉሙን ገልጣ አየችው። ጸሐፊው ዓ.ም. ባለበት ቦታ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ኤ.ዲ.፣ የፈረንጆቹን ዓመት፣ ብለዋል፤ ቁጥሩን እንዳለ ትተውታል። መጀመሪያ የተናደደችው በራሷ ነው። ወረቀቱ ሁለት ሳምንት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አንድ ቀን አላነበበችውም። ማህተሙን አይታ አጥፋ አስቀመጠችው።

ሮጣ ተመልሳ ገባች። ዳያን ወዲያው ገባት፤ እንዲያውም ደስ አላት። የራሱ የዘመን አቆጣጠር ያለው አገር እንዳለ አላውቅም ነበር አለች። ነገር ግን ማህተም ያለበት ወረቀት ኤ.ዲ. እያለ፣ እሷ በቃል የሰማችውን ልታትም አትችልም። ያተመው ሰውዬ አርሞ ያምጣ፤ ለምን እንደተለወጠም አንድ መስመር ይጻፍ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።

የጋሽ ሰይፈሥላሴ ቢሮ ሂልቶፕ ነው፣ ብሮድ ስትሪት ላይ፣ ከጎማ ቤት ጎን። የልደት፣ የጋብቻና የፍቺ ወረቀት ይተረጉማሉ፤ በዓመቱ መጀመሪያ ደግሞ ታክስ ይሠራሉ። አገር ቤት ሳሉ አስተማሪ ነበሩ፤ እዚህም ከመጡ በኋላ ማንም ከዚህ ማዕረግ አላወረዳቸውም። ኸይሪያ ስትገባ እንደ ሁልጊዜው ከወንበራቸው ተነሱ።

«እትዬ ኸይሪያ፣ እዚህ ይቀመጡ። ይኸኛው ለወገብዎ ይሻላል።»

ኸይሪያ የሚገባት ሰው እንደሚቀመጥ ሆና ተቀመጠች። እሳቸው ፕላስቲኩን ወንበር ሳቡ።

ራቢያ ጉዳዩን ስትነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙ። ከዚያም አንድ ጣት አነሱ።

«ዓመተ ምሕረት ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም።»

«የጌታ የምሕረቱ ዓመት ማለት ነው። ኤ.ዲ. ምን ማለት ነው? የጌታ ዓመት። ታዲያ የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

«ቃሉ ልክ ነው። ቁጥሩ ነው የኛ የሆነው።»

«ቁጥር አይተረጎምም ልጄ። ቁጥር ይገለበጣል። የማልቀይረው አደራ ስለሆነ ነው። ዛሬ ስምንት ብደምር፣ ነገ ማን ነው ደምር ያለህ ቢሉኝ?»

ራቢያ ድሬዳዋ በዚያ ዓመት እንዳልነበረች ነገረቻቸው። እሳቸው ከተማ ስለመቆርቆር አልተረጎምኩም አሉ። ፈረንጇ ወረቀቱን እንደመለሰችው ነገረቻቸው። እሷ የሲኒ ሰው ናት፣ እሳቸው ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከፍርድ ቤትም፣ ከኢሚግሬሽንም፣ ከሆስፒታልም አንዲት ወረቀት እንዳልተመለሰችባቸው ተናገሩ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ከፍ አለ። የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እሷ አዙረው በሁለት ጣት መጻፍ ጀመሩ።

«ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ይኸው የእናትሽ የልደት ወረቀት። ጥር 4 ቀን 1958። ኤ.ዲ. ብዬ ነው የተረጎምኩት። ግሪን ካርድ ወጣበት፣ ዜግነት ወጣበት። ባለፈው ወር የአዛውንቶቹ አፓርትመንት ተፈቀደበት። ማን መለሰው?»

ጎማ ቤቱ ውስጥ የአየር መሙያው ሲጮህ ቆይቶ አቆመ።

ራቢያ ስክሪኑን አየች። እነዚያን አራት ቁጥሮች ከአንድ ፎርም ወደ ሌላ ፎርም ስትገለብጥ አሥር ዓመት ሊሞላት ነው። እናቷ ቤት ውስጥ በሃምሳ ስምንት የተወለደች ናት፤ ወረቀት ላይም ሃምሳ ስምንት። እጇን የሚያስቆም ነገር አልነበረም። አሁን ሳትፈልግ ደመረችው። ጥር ሃምሳ ስምንት ማለት በነሱ 1966 ነው። እናቷ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አፓርትመንቱ ከስድሳ ሁለት በታች አይቀበልም፤ ቁልፉን በወሩ መጀመሪያ ነው የሚሰጧት።

ኸይሪያ በመስኮቱ ጎማ የሚደረድረውን ሰውዬ ታያለች።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«ዕድሜሽን።»

«ዕድሜዬን የማላውቅ እብድ ነኝ?» አለች ኸይሪያ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳታነሳ። «እኔ የሃምሳ ስምንት ነኝ ነው ያልኩት። ማንንም አልዋሸሁም። እነሱ ስድሳ ሰባት ነሽ ብለው ጻፉ። አውቶቡሱን በግማሽ አደረጉልኝ። ቤት ሰጡኝ፣ ባለ ሊፍት። ከመንግሥት ጋር ልጣላ አቦ?»

ጋሽ ሰይፈሥላሴ መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ ለስላሳው ወንበራቸው ላይ የተቀመጠችውን ሴት አዩ።

«የሃምሳ ስምንት ነሽ?» አሏት።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንቺ ሲሏት የመጀመሪያቸው ነው። ቢሮው ውስጥ ያልሰማው የለም።

«አሁን ደግሞ አንቺ ሆንኩ?» አለች ኸይሪያ።

«እኔ በሃምሳ ሦስት ነው የተወለድኩት። ለታናሼ ወንበር ስለቅ ነው የኖርኩት ማለት ነው።»

«በማህተምህ ያስረጀኸኝ አንተ ነህ። ታዲያ ተነሳ ብትባል ምን ይገርምሃል?»

ራቢያ በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ሰዓቱን አየች፤ ሰባት ተኩል ሊሆን ነው። አርሙልኝ አለቻቸው፤ ዓ.ም. ማለት ኤ.ዲ. አይደለም፣ ተሳስቻለሁ የምትል አንዲት መስመር። ጋሽ ሰይፈሥላሴ አልተቆጡም፤ ይህ ደግሞ ይብስ ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ ለሲኒ ከጻፍኩ ለሰው አልጽፍም ማለት አልችልም አሉ። በዚህ ከተማ ስንት ሰው በሳቸው ወረቀት እንደሚኖር ያውቃሉ። ጡረታ የገባ አለ፣ ትምህርት ቤት የገባ አለ፣ ያገባ አለ። አንዲት መስመር ብለሽ የጀመርሻት ማን ቤት እንደምትቆም አላውቅም አሉ።

«የአያቴ ይስተካከል» አለች ኸይሪያ። «የኔን ማንም አልጠየቀም።»

«ሲኒው ዕድሜው ይስተካከል፣ ያንቺ ይቆይ ነው የምትይኝ?»

«ሲኒው ቤት አይፈልግም።»

ራቢያ ከእናቷ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት አልጋ ማደር ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እናቷ ያቺን ባለ ሊፍት ቤት እንዴት እንደምትጠብቃት ታውቃለች፤ የመጋረጃ ጨርቅ ገዝታ አልጋ ሥር ደብቃለች። ዋሻችሁ ብላ ልትጮኽባቸው ፈለገች። የዋሸ ግን አልነበረም። አንዱ ቁጥር ገለበጠ፣ አንዷ የተጻፈላትን ተቀበለች፣ አንዷ ሳታነብ ፎርም ሞላች። ሦስቱም ልክ ናቸው፤ ድሬዳዋ ብቻ የለችም።

ጋሽ ሰይፈሥላሴ መላ አገኙ። አዲስ ትርጉም፣ መጋቢት 1907፣ ንጹሕ ማህተም። የለውጡን ምክንያት ግን የሚጽፉት ሌላ ነው፦ ዓመቱን ቀድማ ለተርጓሚው የነገረችው ራቢያ ናት፤ ስህተቱም የሷ ነው። እሷ ትፈርማለች።

«ማንንም አይጎዳም» አሉ እየጻፉ።

«እኔንስ?»

«አንቺ ምን ትሆኛለሽ? ተርጓሚ አይደለሽም፤ የአዛውንት ቤትም አልጠየቅሽም።»

«ሳይን አድርጊና እንሂድ» አለች ኸይሪያ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው ያለሽ።»

ሁለቱም ያዩዋታል፤ ልክ ቤት ውስጥ አምፖል ሲቃጠል እንደሚያዩዋት። ማን ይወጣል የሚል ጥያቄ በዚህ ቤተሰብ ተነስቶ አያውቅም። መሰላሉን የምታመጣው እሷ ናት። ወረቀቱ ከማተሚያው እየሞቀ ወጣ። ራቢያ ቆማ አነበበችው፤ በዚህ ሁለት ሳምንት ውስጥ ሙሉውን ያነበበችው ወረቀት ይህ ብቻ ነው። እኔ ራቢያ፣ በራሴ ስህተት፣ ይላል። ፈረመች። እስክሪብቶውን ስለተጫነችው የስሟ መጨረሻ ፊደል ወረቀቱን ቀደደው። ጋሽ ሰይፈሥላሴ በማጣበቂያ እንለጥፈው ወይ ብለው ጠየቁ። ይቅር አለች።

በመንገድ ላይ ኸይሪያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ መብራት ላይ ሲቆሙ፣ ሰውዬው ወንበሩን ዳግም አይለቅልኝም አለች። በእውነት ያሳዘናት ይመስላል።

ጨረታ ቤት ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ከአርባ ነበር። ዳያን ትርጉሙን አነበበች፣ ማህተሙን አየች፣ የራቢያን ደብዳቤም አነበበች። የተቀደደችው ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ስህተቱ ያንቺ ነበር?»

«ወረቀቱ እንዲያ ይላል» አለች ራቢያ።

ዳያን ያጋጥማል አለች። ኮምፒውተሩን ስባ የካታሎጉን መስመር እየጻፈች ጮክ ብላ ታነብ ጀመር፦ በእጅ የተሳሉ ስድስት የቡና ሲኒዎች፣ ሊሞዥ፤ ለቱርጁማን ጁነዲን በስጦታ የተሰጡ፣ ድሬዳዋ፣ 1907፤ ከእሳቸው ለልጃቸው፤ ከዚያም ለልጅ ልጃቸው ለወይዘሮ ኸይሪያ። ኸይሪያ ከእንግሊዝኛው መሃል የአያቷን ስም ስትሰማ ከወንበሯ ተነስታ ቀረበች። ዳያን ስሙን በጣቷ አሳየቻት። ኸይሪያ የላቲኑን ፊደል አታነብም፤ ግን የተጠቆመችውን ቦታ ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ። ራቢያ ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች። ለዚህ ነው፣ አለች በልቧ፤ ለዚች ለአንዲት መስመር። የአበባውም ሥዕል፣ ወርቁም፣ ማህተሙም እናቷን እንዲህ አላቆማትም ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል አለች ዳያን። በቤተሰብ ለተላለፈ ዕቃ የመጨረሻው ባለቤት የተወለደበት ዓመት ከስሙ ቀጥሎ ይገባል፤ የቤቱ ደንብ ነው። ካታሎጉ ዛሬ ማታ ኢንተርኔት ላይ ይወጣል፣ ማክሰኞ ይታተማል።

ኸይሪያ ምን እንደተጠየቀ ሳይተረጎምላት ገባት። በዚህ አገር በየመስኮቱ የተጠየቀችው ይህንኑ ነው፤ እንግሊዝኛዋም ከሁሉ የሚቀናው እዚህ ላይ ነው።

«ናይንቲን ፊፍቲ ኤይት» አለች፣ ቀጥ ብላ።

ዳያን ጻፈችው። ከዚያ ጣቷ ቆመ። ዛሬ የተማረችውን ያስታወሰች ተማሪ መስላ ፈገግ አለችና ወደ ራቢያ ዞረች።

«በየትኛው አቆጣጠር ነው? በኛ ነው በናንተ?»

በግድግዳው ሰዓት ለዘጠኝ አሥር ደቂቃ ቀርቷል። ኸይሪያ ከዳያን ፈገግታ ላይ አንድ ነገር አነበበች፤ የራቢያን ክንድ ከክርኗ በላይ ያዘች።

«ምን አለችሽ?»

ራቢያ አልተረጎመችላትም። በናንተ ነው ማለት ቀላል ነው፤ ዳያን ራሷ አፏ ውስጥ አስገብታላታለች፤ ማንም መልሶ የሚጠይቅ የለም። መጋረጃው ይሰቀላል፣ ጋሽ ሰይፈሥላሴ ይገለብጣሉ፣ እሷ ትፈርማለች። የእናቷ ጣቶች ጠበቅ አሉ። ራቢያ ክንዷን ሳታስለቅቅ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«በእኛ» አለች። «በእኛ አቆጣጠር ነው። ስምንት ጨምሪበት።»